ክላይድ ባሮው

ክላይድ ቸስትነት ባሮው (መጋቢት 15 ቀን 1901 ዓ.ም. – ግንቦት 15 ቀን 1926 ዓ.ም.) በአሜሪካ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በቴክሳስና በአጎራባች ግዛቶች ሲዘርፍና ሲገድል የኖረ ወንበዴ ነበር። ስሙ ዘወትር ከወዳጁ ከቦኒ ፓርከር ጋር ይነሳል። በፊልምና በዘፈን የሚታወቀው በፍቅሩ ነው፤ በፖሊስ ታሪክ ውስጥ ግን የሚታወሰው በሌላ ምክንያት ነው። ሁለት ዓመት ለሚያህል ጊዜ ከፖሊሶች ጋር ደጋግሞ ተታኩሶ በተደጋጋሚ አምልጧል፤ ያመለጠውም በአብዛኛው የያዘው ጠመንጃና የሚነዳው መኪና ከአሳዳጆቹ ስለሚበልጡ ነበር። የባሮው ቡድን በጠቅላላው ቢያንስ 9 የሕግ አስከባሪዎችንና 4 ሲቪሎችን እንደገደለ ይታመናል።

ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ጊዜ

ክላይድ ማርች 24 ቀን 1909 ከዳላስ ከተማ በስተደቡብ በምትገኘው ኤሊስ ካውንቲ፣ ቴሊኮ በምትባል መንደር አጠገብ ተወለደ። ከሄንሪና ከኪዩሚ ባሮው ሰባት ልጆች አምስተኛው ነበር። ወላጆቹ የራሳቸው መሬት የሌላቸው፣ በሰው እርሻ ላይ ጥጥ የሚያመርቱ ድሆች ነበሩ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ እርሻው አላዋጣ ሲላቸው ጓዛቸውን ጭነው ወደ ምዕራብ ዳላስ ፈለሱ። ድንኳን መግዣ እስኪያገኙ ድረስ በጋሪያቸው ሥር ያድሩ ነበር። ቆይቶ አባትየው በዚያው ሰፈር አንዲት አነስተኛ ቤንዚን ማደያ ከፈተ።

ክላይድ ሙዚቃ ይወድ ነበር፤ ሳክስፎን ይጫወታል። በሞተበት ዕለትም ከጠመንጃዎቹ ጋር መኪናው ውስጥ ሳክስፎን ተገኝቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታሰረው በ1926 መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ምክንያቱም የተከራየውን መኪና በሰዓቱ አለመመለሱና ፖሊስ ሲያይ መሮጡ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ከታላቅ ወንድሙ ከማርቪን ጋር የተያዘው የተሰረቁ ተርኪዎች ጭኖ በመገኘቱ ነው። ማርቪን በቅጽል ስሙ ባክ ይባላል። ከዚያ በኋላ ክላይድ ካዝና መስበርንና መኪና መስረቅን ሥራው አደረገ።

ቦኒ ፓርከርን ያገኛት በጃንዋሪ 1930 ነው። እሷ 19 ዓመቷ ሲሆን እሱ ደግሞ 20 ነበር። ብዙም ሳይቆይ ታሰረ፤ እሷም በዌኮ ከተማ እስር ቤት ሽጉጥ አስገብታለት አመለጠ፤ በኦሃዮ ግዛት ተይዞም ተመለሰ።

ኢስትሃም

በዚያው ዓመት ኢስትሃም ወደሚባለው የእስረኞች እርሻ ተላከ። ኢስትሃም በጭካኔው የታወቀ ነበር፤ እስረኞች ቀኑን ሙሉ በታጣቂ ጠባቂዎች ሥር ያርሳሉ፣ ይደበደባሉ። ክላይድ እዚያ አንድ ጉልበተኛ እስረኛ በተደጋጋሚ ደፍሮታል። ክላይድም በመጨረሻ ሰውዬውን በብረት ቱቦ መትቶ ገደለው፤ ጥፋቱን ግን ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሌላ እስረኛ በራሱ ላይ ወሰደለት።

በጃንዋሪ 1932 ከእርሻው ሥራ ለመዳን ሲል ሁለት የእግሩን ጣቶች በመጥረቢያ አስቆረጠ። እናቱ ለአገረ ገዥው ባቀረበችው አቤቱታ መሠረት በአመክሮ እንዲፈታ ተወስኖ ስለነበር፣ ከስድስት ቀን በኋላ በነጻ ተለቀቀ። ስድስት ቀን ቢታገሥ ኖሮ ጣቶቹ ይተርፉለት ነበር። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ አነከሰ።

በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች ከወህኒ የወጣው ሌላ ሰው ነው ይሉ ነበር። በቀሪው ዘመኑ የዘረፋቸው በአብዛኛው ትናንሽ ሱቆችና ቤንዚን ማደያዎች ናቸው፤ ባንክ የዘረፈው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የቤተሰቡና የጓደኞቹ ምስክርነት እንደሚያሳየው ትልቁ ምኞቱ ሀብት ሳይሆን፣ ኢስትሃምን ወርሮ እስረኞችን ማስፈታትና የወህኒውን ሹሞች መበቀል ነበር።

በኤፕሪል 1932 በሂልስቦሮ ከተማ አንድ ባለሱቅ ሲዘረፍ ተተኩሶበት ሞተ። ክላይድ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ ነበር ቢባልም የግድያው ተፈላጊ ሆነ። ኦገስት 5 ቀን በኦክላሆማ ግዛት፣ ስትሪንግታውን በምትባል መንደር፣ በአንድ የዳንስ ግብዣ ደጅ ከጓደኞቹ ጋር መጠጥ ሲጠጣ ሸሪፉና ምክትሉ ሊያናግሯቸው ቀረቡ። ምክትል ሸሪፍ ዩጂን ሙር ተገደለ፣ ሸሪፉም ክፉኛ ቆሰለ። ቡድኑ የገደለው የመጀመሪያው የሕግ ሰው ሙር ነው። ከዚያች ሌሊት ወዲያ ክላይድ ቢያዝ የኤሌክትሪክ ወንበር እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር፤ ስለዚህም እጅ መስጠት የሚባል ነገር ከሐሳቡ ወጣ።

ጠመንጃውና መኪናው

በዚያ ዘመን የአንድ ገጠር ሸሪፍ ትጥቅ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥና፣ ቢበዛ ሾትጋን ወይም የአደን ጠመንጃ ነበር። ባለ 0.38 ኢንች ሽጉጡ ጥይቱን በሰከንድ 250 ሜትር ገደማ ይወረውራል። ይህ በአሥር እርምጃ ላይ ላለ ሰው በቂ ነው፤ የመኪና በር ሲመታ ግን ብዙ ጊዜ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። ቶምፕሰን የሚባለው አነስተኛ መትረየስ በፊልም እንደሚታየው የሚያስፈራ ቢሆንም የሚተኩሰው የሽጉጥ ጥይት ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 280 ሜትር ገደማ ነው። ዋጋውም ወደ 200 ዶላር ስለነበር አብዛኞቹ ካውንቲዎች ሊገዙት አይችሉም ነበር።

ክላይድ የመረጠው ጆን ብራውኒንግ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የሠራውንና በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ባር የሚባለውን አውቶማቲክ ጠመንጃ ነው። ይህ ጠመንጃ 7 ኪሎ ይመዝናል፣ ካዝናው 20 ጥይት ይይዛል። ሙሉ ኃይል ያለውን የጦር ሠራዊት ጥይት በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ይተኩሳል። እንዲህ ያለው ጥይት የመኪናን አካል ከአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ከዛፍና ከቀጭን ግድግዳ ጀርባ የቆመንም ሰው ያገኛል። ክላይድ መሣሪያውን ገንዘብ አውጥቶ አልገዛውም። የብሔራዊ ዘብ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቶች በየትናንሹ ከተማ ተበትነው፣ ሌሊት ሌሊት ያለ በቂ ጥበቃ ያድሩ ነበር፤ እሱ መቆለፊያ ሰብሮ የሚፈልገውን ያህል ከነጥይቱ ይጭናል። በጁላይ 1933 በኦክላሆማ ኢኒድ ከተማ ከሚገኘው ግምጃ ቤት ብዙ ሽጉጦችና አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ወስዷል። በመኪና ውስጥ ለመያዝ እንዲመቸውም የአንዳንዶቹን አፈሙዝ በመጋዝ ያሳጥር ነበር። የመንግሥት ጦር መሣሪያ በመንግሥት ፖሊሶች ላይ የዞረው እንዲህ ሆኖ ነው። የኮልት ፋብሪካ ከ1931 ጀምሮ የዚህኑ ጠመንጃ የፖሊስ ዓይነት ለገበያ ቢያቀርብም፣ የተሠራው 125 ገደማ ብቻ ነበር፤ ድሃ ካውንቲ አልገዛውም።

ሁለተኛው መሣሪያው መኪና ነበር። ፎርድ በ1932 ስምንት ሲሊንደር ያለውን ሞተር በርካሽ መኪና ላይ ገጥሞ አወጣ። ክላይድ ሌላ መኪና መስረቅ እስኪተው ድረስ ይህን መኪና ወደደው። መንጃ ጥበቡ ጓደኞቹን ያስደነቀ ነበር፤ ሌሊቱን በሙሉ በጭቃ መንገድ ያለ ዕረፍት ይነዳል፣ በኋላ ወንበር ላይ የታርጋ ክምር ይዞ እንደደረሰበት ግዛት ይቀያይራል። የግዛት ፖሊስ ሥልጣን በድንበሩ ላይ ስለሚቆም፣ መንገዱን ሁልጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ግዛቶች መገናኛ አያርቅም ነበር። በዚያን ጊዜ ባንክ መዝረፍም ሆነ ፖሊስ መግደል የፌዴራል ወንጀል አልነበረም። የፌዴራል መርማሪዎች ክላይድን ሊፈልጉት የቻሉት የተሰረቀ መኪና የግዛት ድንበር አሻግሯል በሚል ብቻ ነው።

ጆፕሊን

በማርች 1933 ባክ በምሕረት ተፈትቶ ከሚስቱ ከብላንች ጋር ወደ ወንድሙ መጣ። ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሁለቱ ሴቶችና ደብሊው ዲ. ጆንስ የሚባል ገና 16 ዓመት የሆነው የሰፈር ልጅ በሚዙሪ ግዛት ጆፕሊን ከተማ ከጋራዥ በላይ ያለ ቤት ተከራዩ። ሌሊት ካርታ ሲጫወቱ፣ ቢራ ሲጠጡና ሲጮሁ ያመሹ ነበር። አንድ ቀን ክላይድ ጠመንጃውን ሲያጸዳ ባረቀበት። ጎረቤቶች ለፖሊስ አመለከቱ።

ኤፕሪል 13 ቀን አምስት ፖሊሶች በሁለት መኪና መጡ። የመጡት ሕገወጥ መጠጥ የሚሸጡ ሰዎችን ለመያዝ፣ የፍተሻ ፈቃድ ይዘው ነው። እዚህ ላይ የነገሩ ቁልፍ አለ፤ ፖሊሶቹ ፈሪዎችም ሰነፎችም አልነበሩም፣ ማን ቤት እንደመጡ ግን አላወቁም። ክላይድና ጆንስ በጋራዡ ደጅ ነበሩ። በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ኮንስታብል ዌስ ሃሪማን ወዲያው ወደቀ፣ መርማሪ ሃሪ ማጊኒስም ቆስሎ ሞተ። አንድ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ከትልቅ ዛፍ ኋላ ተከልሎ ሳለ የጠመንጃው ጥይት ዛፉን ሲፈለቅቀው ስብርባሪው ፊቱን አቆሰለው። ፖሊሶቹ ሁሉ በአጠቃላይ የተኮሱት 14 ጥይት ነበር። ከእነዚህ አንዱ ጆንስን ጎኑ ላይ መታው፤ ክላይድን ያገኘው ደግሞ የኮቱን ቁልፍ መትቶ ተመለሰ። ቡድኑ መኪናውን አስነስቶ አመለጠ።

በጥድፊያ ትተውት ከሄዱት ዕቃ መካከል ፎቶ ካሜራና ያልታጠበ ፊልም ነበር። ጆፕሊን ግሎብ የተባለው ጋዜጣ ፊልሙን አሳጠበው። ቦኒ ሲጋር ነክሳ ሽጉጥ ይዛ የሚያሳየው ሥዕል፣ ክላይድም ከጠመንጃዎቹ ጋር ያለበት ሥዕል በመላው አገሪቱ ታተመ። ዝናቸው የተጀመረው ሁለት ፖሊሶች ከተገደሉበት ቤት በተገኘ ፊልም ነው፤ የሟቾቹን ስም ግን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ፕላት ሲቲ

በጁን 1933 ክላይድ በቴክሳስ ዌሊንግተን አጠገብ ድልድይ መፍረሱን ሳያይ በፍጥነት ሲነዳ መኪናው ገደል ገባ። የቦኒ እግር ክፉኛ ተቃጠለ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሞቷ ድረስ በደንብ መራመድ አልቻለችም፣ ብዙ ጊዜም ክላይድ ይሸከማት ነበር። ቁስለኛ ይዞ መሸሽ የቡድኑን ፍጥነት ቀነሰው።

በጁላይ በሚዙሪ ፕላት ሲቲ አጠገብ፣ ሬድ ክራውን በሚባል የመንገደኞች ማረፊያ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ብላንች ሦስት እንግዶች ነን ብላ ብትመዘገብም የማረፊያው ሰዎች አምስት መሆናቸውን አዩ። ሂሳቡን በሳንቲም ከፈለች፣ መስኮቱ በጋዜጣ ተሸፈነ፣ ከመድኃኒት ቤትም ፋሻና የቃጠሎ መድኃኒት ተገዛ። ሸሪፍ ሆልት ኮፊ ወሬው ደረሰው። ከጆፕሊኖቹ የተለየው እሱ ምን እንደሚጠብቀው ማወቁ ነው። ከካንሳስ ሲቲ ወገን እርዳታ ጠይቆ ቶምፕሰን መትረየሶች፣ የብረት ጋሻዎችና አንድ ብረት ለበስ መኪና አገኘ። ጁላይ 19 ለሊት ማረፊያውን ከበቡ። ብረት ለበሱ መኪና ጋራዡ ፊት ቆመ፣ ሸሪፉም ጋሻ ይዞ በሩን አንኳኳ።

ዝግጅቱ በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ጋሻውም ሆነ የመኪናው ብረት የታሰበው የሽጉጥ ጥይት እንዲመልስ ነው። የክላይድ አውቶማቲክ ጠመንጃ የብረት ለበሱን ጎን ሰንጥቆ ሾፌሩን እግሩ ላይ አቆሰለው። አንድ ጥይት የመኪናውን ክላክስ መትቶ ያለማቋረጥ እንዲጮህ አደረገው፤ ከሩቅ ያሉት ፖሊሶች ድምፁን የተኩስ ማቆሚያ ምልክት መስሏቸው ዝም አሉ። የፖሊሶቹ ቶምፕሰኖችም በዚያ ርቀት ይህ ነው የሚባል ሥራ አልሠሩም። ቡድኑ በዚህ ክፍተት ወጣ። ሆኖም ባክ ጭንቅላቱ ላይ ተመታ፣ ብላንችም የመስታወት ስብርባሪ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ከፖሊሶቹ የሞተ ባይኖርም ብረቱ የማያድን መሆኑን ያን ሌሊት አዩ።

ደክስፊልድ ፓርክና ሶወርስ

ቁስለኞቹ በአዮዋ ግዛት ደክስተር አጠገብ በተተወ መናፈሻ ውስጥ ሰፈሩ። አንድ የአካባቢው ሰው በደም የተነከረ ፋሻ አይቶ ነገረ። ጁላይ 24 ንጋት ላይ ፖሊሶችና ጠመንጃ የያዙ የአገሬው ሰዎች፣ መቶ ያህል ሆነው ከበቧቸው። እዚህ የክላይድ መሣሪያ ብልጫ ከቁጥር ብዛት ፊት ወደቀ፤ መኪኖቻቸው በጥይት ተበሳሱ። ክላይድ፣ ቦኒና ጆንስ ቆስለው በእግራቸው ወንዝ ተሻግረው ጠፉ። ባክ ጀርባው ላይ ተመትቶ ከብላንች ጋር ተያዘ፤ ከአምስት ቀን በኋላም ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ጆንስ ከቡድኑ ተለይቶ በኖቬምበር ሂውስተን ውስጥ ተያዘ።

ክላይድ አንድ የማይቆርጠው ልማድ ነበረው። እናቱን መጠየቅ። ከዳላስ ውጭ በጨለማ ገጠር መንገድ ላይ ከሁለቱ ቤተሰቦች ጋር በቀጠሮ ይገናኙ ነበር። የዳላስ ሸሪፍ ስሙት ሽሚድ ይህን አውቆ ኖቬምበር 22 ቀን 1933 ሶወርስ በምትባል ቦታ ከምክትሎቹ ከቦብ አልኮርንና ከቴድ ሂንተን ጋር አደፈጠ። ክላይድ ሲቀርብ አንድ ነገር ጠረጠረና ሳይቆም አለፈ። ተኩሱ ተከፈተ፤ ከመኪናው አካል አልፎ የሁለቱንም እግር ያቆሰለው የአውቶማቲኩ ጠመንጃ ጥይት ነበር። ሁለቱ ቢቆስሉም መኪናው መሮጡን ስላላቋረጠ አመለጡ። አልኮርንና ሂንተን ግን ትምህርቱን ይዘው ተመለሱ፤ ይህን መኪና ማስቆም የሚችለው የጦር ሜዳ ጠመንጃ ብቻ ነው፣ ያውም በቅርብ፣ ሾፌሩ ፍጥነት ሲቀንስ።

ከኢስትሃም እስከ ግሬፕቫይን

ጃንዋሪ 16 ቀን 1934 ክላይድ የተመኘውን አደረገ። እርሻው አጠገብ ሽጉጥ አስደብቆ፣ በማለዳው ጉም ውስጥ መኪና አዘጋጅቶ ሬይመንድ ሃሚልተንን፣ ሄንሪ ሜትቪንንና ሌሎችንም አስመለጠ። ከአምላጮቹ አንዱ ጆ ክራውሰን የሚባል ጠባቂ ላይ ተኩሶ ለሞት የሚያበቃ ቁስል አቆሰለው። የቴክሳስ ወህኒዎች ኃላፊ ሊ ሲመንስ በዚህ ተዋርዶ፣ የባሮውን ቡድን ለማጥፋት አንድ ሰው ብቻ እንዲሰማራ ወሰነ።

ኤፕሪል 1 ቀን የፋሲካ እሑድ ነበር። በግሬፕቫይን አጠገብ የቆመ መኪና ያዩ ሁለት የአውራ ጎዳና ፖሊሶች፣ ኤድዋርድ ዊለርና ሆሎዌይ መርፊ፣ ችግር ያጋጠማቸው ሰዎች መስለዋቸው ሞተር ሳይክላቸውን አቁመው ቀረቡ። ሁለቱም ሳይተኩሱ ተገደሉ። መጀመሪያ የተኮሰው ሜትቪን ነው የሚለው በአብዛኛው ተቀባይነት አለው፤ ክላይድም ተቀላቀለ። መርፊ ሊያገባ ጥቂት ቀን የቀረው ወጣት ነበር፤ እጮኛው ለሠርጓ ያዘጋጀችውን ልብስ ለብሳ ቀብሩ ላይ ተገኘች። ከአምስት ቀን በኋላ በኦክላሆማ ኮመርስ ከተማ ኮንስታብል ካል ካምቤል ተገደለ። እስከዚያ ድረስ በባንክ የተቆጣው ሕዝብ ለወንበዴዎቹ ያዝንላቸው ነበር። ከፋሲካ ወዲያ ያ ስሜት አለቀ።

ሃመር

ሲመንስ የመረጠው ሰው ፍራንክ ሃመር ነው፤ የቴክሳስ ሬንጀር የነበረ፣ ብዙ ጊዜ የቆሰለና ብዙ ሽፍታ የያዘ ጎምቱ። በወር 180 ዶላር ተቀጠረ። ሃመር ክላይድን ማሳደድ ዋጋ እንደሌለው ቶሎ ተረዳ፤ ያንን መኪና ተከትሎ የሚደርስበት የለም፣ የሚደርስበትም ቢኖር የሚያገኘው የጠመንጃ እሩምታ ነው። ስለዚህ ማሳደዱን ትቶ መንገዱን ማጥናት ጀመረ። ያደሩበትን ሰፈር፣ የጣሉትን የሲጋራ ቁራጭና የምግብ ቆርቆሮ እያየ፣ የት ምን እንደሚገዙ መዘገበ። ክላይድ በጥቂት ግዛቶች ድንበር ላይ በክብ እየዞረ፣ በየጊዜው የቡድኑን አባላት ቤተሰቦች እንደሚጎበኝ አየ። ቀጣዩ ጉብኝት የሜትቪን ቤተሰብ መሆን ነበረበት፤ እነሱ ደግሞ በሉዊዚያና ቢየንቪል ፓሪሽ ይኖሩ ነበር።

የሉዊዚያናው ሸሪፍ ሄንደርሰን ጆርዳን ከሄንሪ አባት ከአይቪ ሜትቪን ጋር ተስማማ። አባትየው ወንበዴዎቹን ካስያዘ ልጁ በቴክሳስ ምሕረት ያገኛል። ለአባት ከባድ ስሌት ነው፤ ክላይድ ቢያውቅበት ቤተሰቡ ሁሉ ያልቃል፣ ካላስያዘው ደግሞ ልጁ ከክላይድ ጋር አንድ መኪና ውስጥ ይሞታል።

ደፈጣው

ስድስት ሰዎች ተመረጡ። ከቴክሳስ ሃመርና ማኒ ጎልት፣ አልኮርንና ሂንተን፤ ከሉዊዚያና ጆርዳንና ምክትሉ ፕሬንቲስ ኦክሊ። በጊብስላንድና በሴይልስ መካከል፣ ጥድ በበዛበት ኮረብታ ላይ፣ ከመንገዱ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቀው በቁጥቋጦ ተሸሸጉ። በዚህ ደፈጣ የቀደሙት ውድቀቶች ሁሉ ተቆጥረዋል። ርቀቱ ቅርብ ነው። መሣሪያዎቹ አውቶማቲክና ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ናቸው፤ ከነሱም ቀጥሎ ሾትጋን፣ ከዚያም ሽጉጥ ተዘጋጅቷል። መኪናው ፍጥነት እንዲቀንስ የአይቪ ሜትቪን የጭነት መኪና አንድ ጎማው ወልቆ በመንገዱ ዳር ቆመ፤ ክላይድ የጓደኛውን አባት ተቸግሮ አይቶ ሊያልፍ አይችልም።

ትንኝ እየበላቸው አደሩ። ሜይ 23 ቀን 1934 ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ ገደማ በኢትዮጵያውያን የሰዓት አቆጣጠር፣ የፎርዱ ሞተር ድምፅ ተሰማ። ክላይድ የጭነት መኪናውን አይቶ ፍጥነቱን ቀነሰ። ኦክሊ ምልክት ሳይጠብቅ ተነሥቶ ተኮሰ፤ ጥይቱ የክላይድን ጭንቅላት መታው፣ ወዲያው ሞተ። ቦኒ ስትጮህ ሁሉም ተኮሱ። መኪናው እየተንከባለለ ሲሄድ ጠመንጃቸውን ባዶ አድርገው በሾትጋንና በሽጉጥ ቀጠሉ። በአጠቃላይ 130 ያህል ጥይት ተተኮሰ። የአካባቢው የአስከሬን መርማሪ በክላይድ ላይ 17፣ በቦኒ ላይ 26 ቁስል መዘገበ። ከመኪናው ውስጥ የተሰረቁ አውቶማቲክ ጠመንጃዎች፣ አጭር የተደረጉ ሾትጋኖች፣ በርካታ ሽጉጦች፣ በሺዎች የሚቆጠር ጥይትና 15 ጥንድ ታርጋ ወጣ። ከዚህ ሁሉ አንድም አልተተኮሰበትም። ክላይድ 25 ዓመት ሆኖት ነበር።

ለወንበዴዎቹ እጅ እንዲሰጡ ዕድል ተሰጥቷቸው ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ የተካፋዮቹም ምስክርነት እርስ በርሱ አይስማማም። በፖሊስ ወገን ላይ የሚነሣው ትችት ቦኒን ይመለከታል፤ በዚያን ጊዜ የሞት ፍርድ ሊያስፈርድ የሚችል ክስ ከቀረበባት የተለየ ማስረጃ አልነበረም፣ ሰው ለመግደሏም የተረጋገጠ ነገር የለም። በሌላ በኩል ግን ቀድመው የቀረቡት ሃሪማን፣ ማጊኒስ፣ ዊለርና መርፊ ተቀብረዋል፤ ስድስቱ ሰዎች ይህን እያወቁ ነው በቁጥቋጦው ውስጥ የተኙት።

ሕዝብ አደጋው ወደደረሰበት ቦታ ጎረፈ። አንዳንዱ ለማስታወሻ የጥይት ቀለህ፣ አንዳንዱ የልብስ ቁራጭና ጸጉር ወሰደ፤ የክላይድን ጆሮ ሊቆርጥ የሞከረም ነበር። ሜይ 25 ቀን በምዕራብ ዳላስ ከወንድሙ ከባክ ጎን ተቀበረ። ቦኒ ከጎኑ መቀበር ብትመኝም እናቷ አልፈቀደችም።

ሄንሪ ሜትቪን በቴክሳስ ቃል የተገባለትን ምሕረት አገኘ፤ ኦክላሆማ ግን በካምቤል ግድያ ከሰሰችው፣ ታሰረም።

በሕግና በትጥቅ ላይ የተከተለው ለውጥ

ክላይድ ብቻውን ያመጣው ለውጥ ባይሆንም፣ የእሱና የጆን ዲሊንጀር ዓይነት ወንበዴዎች ዘመን የአሜሪካን ፖሊስ ቀይሯል። በሜይና በጁን 1934 በወጡ ሕጎች ባንክ መዝረፍ የፌዴራል ወንጀል ሆነ፣ የፌዴራል መርማሪዎችም መሣሪያ የመታጠቅና የማሰር ሙሉ ሥልጣን አገኙ። የግዛት ድንበር የወንበዴ መጠለያ መሆኑ በዚህ ቀነሰ። ጁን 26 ቀን የጸደቀው የብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ በመትረየስና በአጭር ሾትጋን ዝውውር ላይ 200 ዶላር ቀረጥ ጣለ፤ ይህ የአንድ ቶምፕሰን ዋጋ ያህል ነው። ለክላይድ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ትርጉም አይኖረውም ነበር፤ እሱ መሣሪያውን የሚሰርቀው ከመንግሥት ነበርና። የሽጉጥ ፋብሪካዎችም የመኪና አካል የሚበሳ ጥይት መሥራት ቀጠሉ፤ በ1935 የወጣው ባለ 0.357 ኢንች ማግነም በዚህ ምክንያት በፖሊሶች ዘንድ ተወደደ።

በ1967 አርተር ፔን ያዘጋጀውና ዋረን ቢቲና ፌይ ደናዌይ የተጫወቱበት ፊልም ክላይድን ዳግመኛ ዝነኛ አደረገው። ፊልሙ ሃመርን በወንበዴዎቹ ተይዞ የተዋረደ፣ በበቀል የተነሣሣ ሰው አድርጎ ያሳያል። በእውነቱ ሃመር ከዚያች ጠዋት በፊት ክላይድን ፊት ለፊት አግኝቶት አያውቅም። የሃመር ባለቤት ፊልሙን የሠሩትን ከሳ በ1971 ካሳ ተከፍሏታል። በጥይት የተበሳሳው ፎርድ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ከትርኢት ወደ ትርኢት ሲዞር ቆይቶ በኔቫዳ ግዛት ቁማር ቤት ውስጥ ለጎብኚዎች ቀርቧል።